ከአረጋዊቷ ቤት የወጣው ሣጥን፦ የጀርመን ኒሻኖችንና የጦርነት ፎቶግራፎችን ስለ መመርመር

ጥያቄ፦

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ በጀርመን አገር አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የምንከባከብ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ስረዳቸው የነበሩ አንዲት እናት ባለፈው ዓመት ሲያርፉ፣ ቤቱን ያጸዳ የነበረው የወንድማቸው ልጅ አንድ ሣጥን ሰጠኝና «የአባቷ ዕቃ ነው፤ ከፈለግህ ውሰደው፣ ካልሆነ እጥለዋለሁ» አለኝ። በውስጡ 1939 የሚል የተቀረጸበት ጥቁር መስቀል ከነሪባኑ፣ የራስ ቁር ምስል ያለበት ጥቁር ባጅ፣ ቁጥርና ፊደል የተመታበት ሞላላ ብረት፣ አንድ የፎቶግራፍ አልበምና ጥቂት የተበታተኑ ፎቶግራፎች አሉ። በአሮጌ ዕቃ ገበያ ያሳየሁት ነጋዴ መስቀሉን ለብቻው፣ ፎቶዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ እየመረጠ ሊገዛኝ ፈለገ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን እነዚህን ነገሮች መያዝ ራሱ ወንጀል ነው ብሎ አስደነገጠኝ። ከፎቶዎቹ አንዱ የሲቪል ልብስ የለበሱ ሰዎች በአንድ ጉድጓድ አፋፍ ቆመው፣ ወታደሮች ከበዋቸው ያሳያል፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም ሳየው እረበሻለሁ። ዕቃዎቹ እውነተኛ ናቸው? ልሽጣቸው ወይስ ላስቀምጣቸው? ነገሩ ስለሳበኝ እኔም ቀስ በቀስ መሰብሰብ ብጀምርስ ምን ይመክሩኛል?

ስሜ አይጠቀስ፣ ከካሰል

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ ከሣጥኑ ውስጥ አንዲት ነገር እንኳ እንዳይለዩ ነው። ነጋዴው መስቀሉን ለብቻው፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ የፈለገው ተነጣጥለው ሲሸጡ ለእርሱ የተሻለ ትርፍ ስለሚያስገኙለት ነው። መስቀሉ፣ ባጁ፣ ሞላላው ብረትና አልበሙ አብረው እስካሉ ድረስ ግን አንዱ ለሌላው ይመሰክራል፤ በአልበሙ ውስጥ ያለው ሰው በልብሱ ላይ ያደረገው ሪባን ከሣጥኑ መስቀል ጋር ይገናዘባል፣ ብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ የክፍሉን ስም ይጠቁማል፣ ክፍሉ ደግሞ ፎቶዎቹ የተነሡበትን አገር ለማወቅ ይረዳል። ከተለያዩ በኋላ መስቀሉ እጅግ ብዙ ከተሠሩት አንዱ ብቻ ይሆናል፣ ፎቶውም የትና መቼ እንደተነሣ፣ ማን እንዳነሣው የማይታወቅ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ያንን ግንኙነት በኋላ በምንም ያህል ገንዘብ መልሶ መግጠም አይቻልም። (ከአንድ ቦታ በቀር በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥሎ የሚያስፈልግዎ ወረቀት ነው። ሣጥኑ የተሰጠዎት በቃል ብቻ ስለሆነ፣ የወንድማቸው ልጅ መቼና ለማን ምን ምን ዕቃ እንደሰጠ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ እንዲፈርምልዎ ይጠይቁት። በጀርመን የእንክብካቤ ሠራተኞች ከሚረዷቸው ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ስጦታ መቀበላቸው በብዙ ቦታ የተከለከለ ወይም በጥብቅ የተገደበ ነውና ነገሩን ለአሠሪዎም በግልጽ ያሳውቁ። ይህ ጽሑፍ እርስዎን ከሐሜትና ከክስ ይጠብቃል፤ ለዕቃዎቹ ደግሞ ከየት እንደመጡ የሚናገር የመጀመሪያው ሰነዳቸው ይሆናል። እግረ መንገድዎን አረጋዊቷ በሕይወት ሳሉ ስለ አባታቸው ያጫወቱዎትን ሁሉ፣ የትውልድ መንደሩን፣ ሥራውን፣ ከጦርነቱ ተመልሶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ሳይረሱት ይጻፉት። ለወንድማቸው ልጅም በሣጥኑ ውስጥ ያ የጉድጓድ ፎቶ መኖሩን ሊነግሩት ይገባል፤ ሣጥኑን ሳይከፍተው ሰጥቶዎት ይሆናል።

አሁን ወደ መስቀሉ ልምጣ። የብረት መስቀል የሚባለውን ኒሻን ያቋቋመው የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ ሲሆን፣ ጊዜውም ከናፖሊዮን ጋር በተካሄደው ጦርነት በ1813 ነበር። ከዚያ በኋላ በ1870፣ በ1914 እና ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ዕለት፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ታድሷል። የእርስዎ መስቀል በሪባን የሚንጠለጠል ስለሆነ ሁለተኛ ደረጃው ነው፤ አንደኛ ደረጃው ከጀርባው መርፌ ኖሮት ደረት ላይ የሚሰካ ነው። የ1939ኙ መስቀል ከፊቱ መሐል ላይ የናዚዎች ምልክት የሆነው ስዋስቲካ፣ ታችኛው ክንፉ ላይ 1939፣ ከጀርባው ደግሞ 1813 የሚል ጽሑፍ አለው፤ ሪባኑም መሐሉ ሰፊ ቀይ ሆኖ ግራና ቀኙ ነጭና ጥቁር ነው። የ1914ቱ በአንጻሩ ዘውድና የንጉሠ ነገሥቱ የቪልሄልም ስም መነሻ ፊደል ያለበት እንጂ ስዋስቲካ የለውም። ይህን ልዩነት ማወቅ የታሪክ ግዴታም ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 100,000 የሚጠጉ ጀርመናውያን አይሁድ ለጀርመን ተሰልፈው ነበርና፣ ከእነርሱ መካከል ይህን የ1914 መስቀል ተሸልመው ኋላ በናዚዎች የተገደሉ ሰዎች አሉ። መስቀል ሁሉ የናዚ መስቀል አይደለም፤ የእርስዎ ግን የናዚ ዘመን ነው።

እውነተኛው መስቀል የሚሠራው ከሦስት ክፍል ነው። መሐሉ ጥቁር ቀለም የተቀባ የብረት ልብ ነው፤ እርሱን ከፊትና ከኋላ የሚይዙት የብር መልክ ያላቸው ሁለት ክፈፎች ደግሞ እርስ በርስ ይበየዳሉ። ጥሩ ማጉያ መነጽር ይግዙና በክፈፉና በልቡ መካከል ያለውን መስመር ይመልከቱ፤ እዚያ ቀጭን ክፍተት፣ አንዳንድ ጊዜም በውስጡ የተጠራቀመ የዘመናት ቆሻሻ ሊታይ ይገባል። ርካሹ ፎርጅድ ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ሆኖ ቀልጦ የፈሰሰ ስለሆነ፣ ክፈፉና ልቡ የተለያዩ የሚመስሉት በቀለም ብቻ ነው። በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት በመነጽር ሲታይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች፣ የደበዘዙ ጠርዞችና ሳሙና የመሰለ ልስላሴ ይታይበታል፤ በከባድ ማተሚያ የተመታው ግን የቁጥሮቹ ጠርዝ ስል፣ የክፈፉ ጥርስ ጥርስ ያለው ዳር ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። የቀለሙንም አለቃቀቅ ያስተውሉ። ከልብስ ጋር ሲታሽ የኖረ መስቀል መጀመሪያ የሚነጣው ከፍ ብለው በወጡት ቦታዎች፣ በስዋስቲካው ጠርዝና በቁጥሮቹ አናት ላይ ነው፤ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገው ግን እጅና ልብስ የማይደርስበት ጎድጓዳ ቦታ ሳይቀር እኩል ተፍቆ ይገኛል።

ሰዎች ማግኔት ይዘው ይመጣሉ። እውነት ነው፣ ልቡ ብረት ስለሆነ ማግኔት ሊስበው ይገባል፤ ካልሳበው መጠርጠር ተገቢ ነው። ነገር ግን ከናስ የተሠራ ልብ ያላቸው ጥቂት እውነተኛ መስቀሎች አሉ፤ የዛሬ አስመሳዮችም የብረት ልብ መጠቀምን ከተማሩ ቆይተዋልና፣ ማግኔት ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። የአምራቹ ምልክትም እንዲሁ ነው። ከ1941 ጀምሮ የኒሻን አምራቾች ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በተሰጣቸው ቁጥር ምልክት ያደርጉ ነበር፤ 4 ቁጥር በሉደንሻይድ የነበረው ሽታይንሃወር እና ሉክ፣ 65 ቁጥር ደግሞ በኢዳር ኦበርሽታይን የነበረው ክላይን እና ክቬንሰር ነው። በሁለተኛ ደረጃው መስቀል ላይ ይህን ቁጥር የሚያገኙት ሪባኑ በሚያልፍበት ቀለበት ላይ ሲሆን፣ ብዙ እውነተኛ መስቀሎች ምንም ምልክት የላቸውም። ስለዚህ ቁጥር አለመኖሩ ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ መኖሩም እውነተኛ አያደርገውም፤ ከመስቀሉ ሁሉ ለመቅረጽ ቀላሉ ነገር ቁጥሩ ነውና። ከዚህ የሚከብደው ፈተና ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩት ናቸው። በቪየና የነበረው የሱቫል ድርጅት ከ1945 በኋላም እነዚህን ኒሻኖች ለገዢዎች ሲሠራ የቆየ በመሆኑ፣ አንዳንዱ ዕቃ በእውነተኛ አምራች የተሠራ ነገር ግን ማንም ወታደር ያልተሸለመው ሆኖ ይገኛል።

በስዋስቲካው ቦታ የኦክ ዛፍ ቅጠል ያለበት የ1939 መስቀል ከገጠመዎት ደግሞ አይደናገሩ። የምዕራብ ጀርመን ፓርላማ በጁላይ 1957 ባወጣው ሕግ በጦርነቱ የተሸለሙ ሰዎች ኒሻናቸውን ስዋስቲካው ከተነሣለት ብቻ እንዲያደርጉ ስለፈቀደ፣ ብዙዎች አዲስ ቅጂ ገዝተዋል። ሰብሳቢዎች «ሃምሳ ሰባቱ» የሚሉት ይህ ነው፤ ሐሰተኛ ሳይሆን የኋላ ዘመን ነው።

ስለ ሪባኑ የምለው ጥቂት ነው። አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ክሩ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ ይሁን እንጂ በዘመናዊ የልብስ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ጨርቅም በሳሙናው ውስጥ ባለው ማንጫ ኬሚካል ምክንያት ያበራል። ክሩን በእሳት ለኩሰው እንዲሞክሩ የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት።

የራስ ቁር ያለበት ባጅ ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሰጠው ነው። መጀመሪያ የተቋቋመው በማርች 1918 ሲሆን በ1939 ስዋስቲካ ተጨምሮበት ታድሷል። ጥቁሩ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለቆሰለ፣ ብርማው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለቆሰለ፣ ወርቃማው ከዚያ በላይ ለቆሰለ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ነበር። ጥቁሩ ከስስ ቆርቆሮ ተመትቶ ስለሚወጣ ከጀርባው ጎድጓዳ ነው፤ የእርስዎ ከጀርባው ሙሉና ከባድ ከሆነ ጥያቄ ያስነሣል። በጀርባው ዝገት ቢኖርም አይፈግፉት፤ መስቀሉንም በምንም ዓይነት ማጽጃ አይወልውሉ። በአንድ ደቂቃ የሚጠፋው የዘመን ጠባሳ ዕቃው በዕድሜው ራሱ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

እንግዲህ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ስለ ዕቃው የሚነገረው ታሪክ እውነት ላይሆን ይችላል፤ እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ መመርመር አለብን። በዚህ ጉዳይ ከኮንራድ ኩያው የበለጠ ትምህርት የሰጠ ሰው የለም። ኩያው በሽቱትጋርት የናዚ ዘመን ዕቃ ነጋዴ የነበረ ሲሆን፣ ብልሃቱም እውነተኛና ርካሽ ዕቃ ወስዶ ሐሰተኛ የምስክር ወረቀት መጻፍ ነበር፤ ለምሳሌ ጥቂት ማርክ ብቻ የሚያወጣ የአንደኛው ጦርነት የራስ ቁር ሂትለር በቤልጂየም፣ በኢፕር ውጊያ ያደረገው ነው የሚል ማስታወሻ አያይዞበታል። በመጨረሻም የሂትለር ማስታወሻ ደብተሮች የተባሉትን ራሱ ጽፎ፣ ሽቴርን የተባለው መጽሔት 9.3 ሚሊዮን ማርክ ከፍሎባቸው በኤፕሪል 1983 ለዓለም አወጃቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ሐሰተኛነታቸውን አረጋገጠ፤ ካጋለጧቸው ነገሮች አንዱ ወረቀቱ ውስጥ የተገኘው፣ ከጦርነቱ በኋላ ብቻ ጥቅም ላይ የዋለ ማንጫ ኬሚካል ነበር። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበትን ተንኮል ያጋለጠው አልትራቫዮሌት ብርሃን ዛሬ እርስዎ በርካሽ በሚገዙት የእጅ ባትሪ ውስጥ ይገኛል።

ያንኑ ባትሪ ወደ ፎቶግራፎቹ ያዙሩት። የጦርነቱ ዘመን የፎቶ ወረቀት ያ ኬሚካል ስለሌለበት በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲበራበት ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ ከ1950ዎቹ ወዲህ የመጣው ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ ያበራል። ፎቶው ቢያበራ የታተመው ከጦርነቱ በኋላ ነው ማለት እንጂ ምስሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ከጦር ጓዶቹ አንዱ አሮጌውን ነጋቲቭ ኋላ አሳትሞት ሊሆን ይችላል። ባያበራም ዕድሜውን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም። ቀጥለው ጀርባውን ይዩ፤ አግፋ ሉፔክስ፣ ሌዎናር፣ ሚሞሳ የሚሉት ጽሑፎች በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ የተለመዱ ናቸው። ብዙዎቹ የወታደር ፎቶዎች ስድስት በዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ ዳራቸው የተተለተለ ትንንሽ ወረቀቶች ሲሆኑ፣ በፎቶ ቤት የተነሡት ደግሞ በፖስት ካርድ ወረቀት ላይ ይታተሙ ነበር። ፎቶውን ዘንበል አድርገው ሲያዩት ጥቁር ቦታዎቹ ላይ ሰማያዊ የብር ወዘና ከታየዎት ከወረቀቱ ውስጥ ያለው ብር በዘመን ብዛት ወደ ላይ መውጣቱ ነው፤ ይህን አስመስሎ መሥራት ቀላል አይደለም። በመነጽር ሲያዩት ምስሉ ከጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ከታየ ግን ከዘመናችን ማተሚያ የወጣ ነው።

ከወረቀቱ በኋላ የለበሰው ልብስ ይናገራል። በጦር ሠራዊቱ ልብስ ላይ የንስሩ ምልክት በቀኝ ደረት፣ ኒሻን ደግሞ በግራ ደረት ይደረግ ነበር፤ ተገልብጦ ካዩት ነጋቲቩ ሲታተም ተገልብጧል ማለት ነው። ኤስኤስ የተባለው የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ክንፍ ሰዎች ንስሩን የሚያደርጉት በግራ ክንዳቸው ላይ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የብረት መስቀል የተሸለመ ሰው በዘወትር መስቀሉን ራሱን ሳይሆን ሪባኑን ብቻ ከኮቱ ሁለተኛ የቁልፍ ቀዳዳ ያሳልፈው ስለነበር፣ በአልበሙ ውስጥ መስቀሉን ባያዩት ሪባኑን ይፈልጉ። የምሥራቁ ግንባር የክረምት ውጊያ ሜዳሊያ የተቋቋመው በሜይ 26 ቀን 1942 ነው፤ መሐሉ ነጭና ጥቁር መስመር ያለበት ቀይ ሪባኑ በአንድ ፎቶ ላይ ከታየ፣ ከሥሩ ምንም ይጻፍበት ምን፣ ፎቶው ከዚያ ቀን በፊት ሊነሣ አይችልም።

ከሥር ስለሚጻፈው ደግሞ በጣም ይጠንቀቁ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ከሆነ ጽሑፉ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው፤ ያ ዓይነት ብዕር በጀርመን የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነውና። በሌላ በኩል በ1920ዎቹ የተማረ ጀርመናዊ ዛሬ ብዙ ጀርመናውያን ማንበብ በማይችሉት በአሮጌው የእጅ ጽሑፍ ይጽፍ ስለነበር፣ ማንበብ ቢያቅትዎ አይገረሙ፤ በከተማዎ ቤተ መዛግብት ወይም በአካባቢው የታሪክ ማኅበር የሚያነብልዎ ሰው ይገኛል። ጽሑፉ በሐቅ የተጻፈ ሆኖም ሊሳሳት ይችላል። በ1995 የሃምቡርግ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ስለ ጀርመን ጦር ወንጀሎች ያዘጋጀው ዐውደ ርእይ በጀርመንና በኦስትሪያ ከተሞች ሲዞር ከቆየ በኋላ፣ አንዳንድ ፎቶዎች የሚያሳዩት የሶቪየት የጸጥታ ፖሊስ የገደላቸውን ሰዎች ነው የሚል ነቀፌታ ስለቀረበበት በ1999 እንዲቋረጥ ተደረገ። የታሪክ ሊቃውንት ኮሚሽን መርምሮ ከ1,433 ፎቶዎች ውስጥ ቦታቸው ያልሆኑት ከሃያ እንደማይበልጡ፣ የዐውደ ርእዩ ዋና ሐሳብም ትክክል እንደሆነ በ2000 አስታወቀ፤ ነገር ግን እነዚያ ጥቂት የተሳሳቱ መግለጫዎች እውነቱን ለማይወዱ ሰዎች ትልቅ መሣሪያ ሆነው ነበር። የተሳሳተ መግለጫ ወንጀሉን የሚክዱትን ብቻ እንደሚጠቅም ከዚህ ተምረናል፤ ስለዚህ የጉድጓዱን ፎቶ ምን እንደሆነ እርስዎ አይወስኑ፣ ጀርባው ላይም ምንም አይጻፉበት።

ይህ ፎቶ በማንም እጅ ሊሸጥ አይገባውም። የጀርመን ወታደሮች በተለይ በምሥራቁ ግንባር ካሜራ ይዘው የዘመቱ ብዙ ስለነበሩ፣ የግድያ ቦታዎችን ራሳቸው አንሥተዋል፤ የእኛም አገር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያደረሰውን ግፍ ዛሬ ከሚመሰክሩልን መካከል የወራሪዎቹ ሰዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ይገኙበታልና። ፎቶው ከአልበሙ የተለጠፈ ከሆነ አያላቅቁት። ገጹን ሙሉ፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ገጾችም ጨምረው በጥሩ ስካነር ያንሡትና ቅጂውን ለፌዴራል ቤተ መዛግብት፣ በሉድቪግስቡርግ ለሚገኘው የናዚ ወንጀሎችን ለሚመረምረው ማዕከላዊ ቢሮ ወይም በኢየሩሳሌም በናዚዎች ለተጨፈጨፉት አይሁድ መታሰቢያ ለሆነው ለያድ ቫሼም ይላኩት። የተለያዩ አልበሞች የአንድን ቀን ድርጊት ከተለያየ ማዕዘን የያዙበት ጊዜ አለ፤ ጀርባቸው ያለውን ዛፍና ሕንጻ በማነጻጸር ቦታውን የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ።

ስለ አልበሙ ሥርዓት ይህን ያህል የምጨነቀው ካርል ሆከር የተባለው የኤስኤስ መኮንን ባስቀረው አልበም ምክንያት ነው። ሆከር አውሽቪትስ የተባለው የናዚ የግድያ ካምፕ አዛዥ የሪቻርድ ቤር ረዳት ነበር። 116 ፎቶዎች ያሉት አልበሙ በ2007 ዋሽንግተን ለሚገኘው የአሜሪካ የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ተሰጠ። በውስጡ አንድም የግድያ ምስል የለም፤ የሚታዩት መኮንኖች ሲዘፍኑ፣ ሴቶች ረዳቶች ፍሬ ሲበሉ፣ ሰዎች በመዝናኛ ቤት ሰገነት ላይ ሲሳሳቁ ነው። እነዚህ የተነሡት ግን በ1944 የበጋ ወራት ነው፤ ከሃንጋሪ ከ400,000 በላይ አይሁድ ወደ አውሽቪትስ የተጋዙበት ጊዜ ማለት ነው። አንድ ነጋዴ እነዚያን ፎቶዎች ገንጥሎ ለየሰዉ ቢሸጣቸው ኖሮ እያንዳንዳቸው የደስተኛ ወታደሮች ፎቶ ከመሆን አያልፉም ነበር። የእርስዎም አልበም ውስጥ ያሉትን የሚሳሳቁ ፊቶች ከጉድጓዱ ፎቶ ለይተው አይዩአቸው።

ሞላላው ብረት የወታደሩ መታወቂያ ነው። መሐሉ ላይ በቀዳዳ የተሰለፈ መስመር አለው፤ ወታደሩ ሲሞት የታችኛው ግማሽ ተሰብሮ ለመዝገብ ይላካል፣ የላይኛው ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል። የእርስዎ ሙሉ ከሆነና ከቤተሰብ የመጣ ከሆነ ባለቤቱ በሕይወት ተመልሶ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቶ በገበያ የሚሸጥ ሙሉ ብረት ግን ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ከአንድ ስም አልባ መቃብር የተሰረቀ፣ የጠፋ ልጅን ስም ለዘላለም የሚያጠፋ ዕቃ ነው። ሲያጋጥምዎ አይግዙት፤ ከ1919 ጀምሮ የጀርመን ጦር መቃብሮችን ለሚንከባከበው ፎልክስቡንድ ያሳውቁ። ዋና ጽሕፈት ቤቱም እርስዎ ካሉበት ከካሰል አጠገብ ነው።

ባልደረባዎ ያስፈራዎት ነገር በከፊል ብቻ እውነት ነው። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ የሚከለክለው የናዚን ምልክቶች በአደባባይ ማሳየትንና ማሰራጨትን ሲሆን፣ ቅጣቱም የገንዘብ ወይም እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ እስራት ነው፤ በቤትዎ ሣጥን ውስጥ መያዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ለትምህርት፣ ለምርምር፣ ለሥነ ጥበብና ለታሪክ ዘገባ የሚደረግ አጠቃቀም በሕጉ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው፤ ነጋዴዎቹ በገበያ ላይ ስዋስቲካውን በወረቀት የሚሸፍኑትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ የመስቀሉን ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይለጥፉ፣ ሳሎን ውስጥም ለእንግዳ ማሳያ አይስቀሉት። ወደ ኦስትሪያ የሚሄዱ ከሆነ ሕጉ እዚያ የበለጠ ጥብቅ መሆኑን ይወቁ።

መሰብሰብ ስለ መጀመር ላነሡት ጥያቄ ሐሳቤን ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ። እነዚህን ዕቃዎች የሚሰበስቡ ቁም ነገረኛ ሰዎች አሉ፤ የአንድን ክፍለ ጦር ታሪክ ከሰነዱ፣ ከፎቶውና ከባጁ አገናኝተው የሚያጠኑ። ከእነርሱ ጎን ለጎን ግን ምልክቱን ስለ ዓላማው የሚወዱ አሉ፤ በእነርሱ መካከል ለጥቁር ሰው ምቹ ቦታ የለም፣ ገንዘብዎም ለእነርሱ ሊደርስ አይገባም። የኤስኤስ ምልክቶችና የባላባት መስቀል የተባለው ከፍተኛ ኒሻን ዋጋቸው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አስመሳዮች የሚረባረቡባቸውም እነርሱ ናቸው፤ ጀማሪ ከእነርሱ ቢርቅ ይሻለዋል። መሰብሰብዎ ካልቀረ ከባለቤቱ የሽልማት የምስክር ወረቀት ወይም ከወታደሩ የደመወዝ ደብተር ጋር ያለ ስብስብ እንጂ ብቸኛ ባጅ አይግዙ፤ የሻጩን ታሪክ በጽሑፍና በፊርማ ካልተቀበሉ ታሪኩን ከዋጋው ውስጥ ያውጡት። እኔ ግን አስቀድመው ይህን በእጅዎ ያለውን አንድ ሣጥን አጥንተው እንዲጨርሱ እመርጣለሁ፤ ከመቶ ያልታወቁ ባጆች ይልቅ በደንብ የታወቀ አንድ ሰው ይበልጣልና።

ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ በርሊን ለሚገኘው የፌዴራል ቤተ መዛግብት ክፍል መጻፍ ነው። የጀርመን ወታደሮችን የሞት፣ የቁስልና የምርኮ መዝገብ ይይዝ የነበረው መሥሪያ ቤት ከ2019 ጀምሮ የዚህ ቤተ መዛግብት አካል ነው። በደብዳቤዎ የሰውየውን ሙሉ ስም፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ በሞላላው ብረት ላይ የተመታውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ገልብጠው ያስገቡ፤ የሞተበትንም ዓመት የሚያውቁት ከሆነ ይጨምሩበት። የክፍሉ የጦር ማስታወሻዎች ደግሞ በፍራይቡርግ በሚገኘው የወታደራዊ ቤተ መዛግብት ተፈልገው ሊገኙ ይችላሉ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ እስከዚያ ድረስ ፎቶዎቹን በንጹሕ የጥጥ ጓንት ብቻ ይንኩ፤ አሲድ በሌለው ወረቀት ለያይተው፣ የሚያጣብቅ ፕላስቲክ ባለበት አልበም ውስጥ ሳያስገቡ፣ እርጥበትና ሙቀት በሌለበት ቦታ ያኑሯቸው፤ ብረቶቹንም ከፎቶዎቹ ጋር በአንድ ከረጢት አይክተቱ። ነጋዴው መልሶ ቢጠይቅዎ ሣጥኑ ለሽያጭ አለመቅረቡን በአጭሩ ይንገሩት።